ወደ ኋላ የተመለሰው ውሃ

ባለፈው ሳምንት ባጃጄን ላሳጥብ ከድልድዩ አጠገብ ወዳለው ላቫጆ ገባሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከገበያው ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጣው መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። አሰላ ውስጥ በበልግ ባጃጅ ማሳጠብ ከንቱ ድካም ነው። አሳጥበህ ስትወጣ መጀመሪያ የምታገኘው ተሳፋሪ ጭቃው ወደሚብስበት ሰፈር ይወስድሃል። ቢሆንም ጭቃ የለበሰ ባጃጅ ላይ ሰው አይወጣም። ስለዚህ እናሳጥባለን።

አጣቢው ሳሚ የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው። ድልድዩ ሥር ከሚያልፈው ጅረት ውሃ በሞተር እየሳበ በጎማ ይረጫል። እኔ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። የሳሙናው አረፋ ወደ ጅረቱ በሚወርድበት ቦይ ዳር አንዲት ወፍ አረፈች። ጀርባዋ ግራጫ፣ ሆዷ ነጭ፣ ደረቷ ላይ እንደ ቀጭን ክር ያለ ጥቁር መስመር። ጭራዋ ረጅም ነው፤ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ቆማ ጭራዋ አይቆምም። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

ሳላስበው ተነሳሁ።

“ምን ሆንክ ዴቭ? ጂን አየህ እንዴ?” አለኝ ሳሚ።

“ወፏን ነው።”

“ይቺን? ይቺ እኮ ሠራተኛዬ ናት። ከእኔ ቀድማ ትገባለች፣ ከእኔ ኋላ ትወጣለች፣ ደመወዝ ጨምርልኝ አትል። አንተም እንደሷ ብትሆን እቀጥርህ ነበር።”

መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅኩም። ገመቹ ከሞተ ወዲህ ቀልድ ሲመጣብኝ በየት በኩል እንደምቀበለው ይጠፋኛል። ገመቹ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበረ ማለት አለብኝ። ያለፈው ዓመት የመኸር ሰሞን ከሥራ ቦታው ከኦጎልቾ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ነው የሞተው። ስለ ሞቱ ለመጻፍ አይደለም የተነሳሁት። እሱን ሰው ሁሉ አውርቶ ጨርሶታል። የምጽፈው ከዚያ በፊት ስለነበረ አንድ እሁድ ነው። ያ እሁድ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በማን እንደምናደድ ግን ለይቼ አላውቀውም፤ በገመቹ ይሁን፣ በአባዬ ይሁን፣ በምእመናኑ ይሁን ወይስ በውሃው።

ያኔ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ገመቹ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ፣ አባዬን ያግዝ ነበር። እናታችን ልጆች ሳለን ስላረፈች ቤታችን የሦስት ወንዶች ቤት ነው። አባዬ ከከተማው ዳር፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ድንችና ካሮት የሚያበቅልበት ትንሽ መሬት አለው። ካሮት ደግሞ ታጥቦ ካልቀረበ ገበያ ላይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የእኛ አገር አፈር ጥቁርና ተጣባቂ ነው፣ እንደ አደራ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በገበያ ዋዜማ እኔና ገመቹ ካሮቱን በአህያ ጭነን ወደ ጅረቱ እንወርድ ነበር።

ጅረቱ ከጭላሎ ነው የሚመጣው። ላይ ቀርከሃና ጽድ መሃል ቀጭን ሆኖ ይነሳና ወደ እኛ ሲደርስ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ፣ እየጮኸ ይወርዳል። ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ስትገባበት ቅልጥምህ ድረስ ይጠዘጥዝሃል፤ ቆይቶ እግር እንዳለህ ትረሳለህ። ካሮቱን በጆንያ ግማሽ ያህል እንሞላና አፉን አስረን ውሃው ውስጥ እናስተኛዋለን። ከዚያ ላዩ ላይ ወጥቶ መርገጥ ነው። ካሮቱ እርስ በርሱ እየተፋተገ ራሱን ያጥባል። ውሃው መጀመሪያ እንደ ቡና ይጠቁራል፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ፣ ቀጥሎ ይጠራል። ሲጠራ ጆንያውን እንፈታና ከመሃሉ ቀጭን ቀጭኑን መርጠን እንበላለን። በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ትኩስ ካሮት ያለውን ጣዕም ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም። ወይም የምበላው ብቻዬን ስለሆነ ይሆናል።

ወፏ የምትመጣው ውሃው ሲጠቁር ነበር። የእኛ እግር የቀሰቀሰውን ነፍሳት ለመልቀም ከበታቻችን ድንጋይ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አባዬ በኦሮምኛ ሲምቢራ ቢሻኒ ይላታል፣ የውሃ ወፍ ማለት ነው። እትዬ አስካለ የሚባሉ ጎረቤታችን ደግሞ ልብስ ሊያጥቡ ሲወርዱ ያዩዋትና ደረቷ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር እያሳዩ ይቀልዱብን ነበር።

“ማተቧን አያችሁ? ይቺ ኦርቶዶክስ ናት። እናንተ ጴንጤዎች እንዳትነኩብን!”

ገመቹ ይስቃል። “እትዬ፣ እሷ እኮ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ናት። ከሁላችንም በላይ ተጠምቃለች።”

ገመቹ ስለ ወፍ የተማረው ነገር አልነበረም። ማየት ብቻ ይወዳል። ድንጋይ ይገለብጥና ከሥሩ የሚሯሯጡትን ጠፍጣፋ ነፍሳት ያሳየኛል፣ “ይኸው ምሳዋ” ይለኛል። ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ አድርጎ ይመልሰዋል። ይሄ ነገሩ ያናድደኝ ነበር። ካሮቱ ይጠብቃል፣ አህያዋ ትጠብቃለች፣ እሱ የድንጋዩ ፊት የቱ እንደነበር ያስባል።

በዚያ ዓመት በልግ ጎጆዋን ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ሠራች። ጠፍጣፋው ድንጋይ የምንለው ጅረቱ አጭር ፏፏቴ ሠርቶ ከወረደ በኋላ ሰፋ ብሎ የሚረጋበት ቦታ ነው። ከፏፏቴው ጎን ባለው ግድግዳ መሰል ቋጥኝ ላይ፣ ከውሃው የጉልበት ያህል ከፍ ብሎ፣ ድንጋይ ላይ በሚበቅል ሽበትና በዱር ሣር የተሸፈነ ስንጥቅ ነበር። እዚያ ውስጥ ሥራሥርና ሽበት ጎንጉና ተቀመጠች። ባልና ሚስቱ ምግብ ይዘው ሲመላለሱ ገመቹ ቆሞ ያያቸዋል፤ እኔ ብቻዬን እረግጣለሁ።

ችግሩ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ የቤተ ክርስቲያናችንም የጥምቀት ቦታ ነበር።

ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ዘንድ የሚጠመቀው ያመነ ሰው ነው፣ ሲጠመቅም ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው። ጅረቱ ደግሞ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ከጥምቀቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ወንዶቹ ወርደው አፈር የሞላ ጆንያ ይደረድራሉ፣ በላስቲክ ይሸፍኑታል፣ መሃሉን ግን ክፍት ይተዉታል። እሁድ ጠዋት መሃሉ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል፣ ሰው ይጠመቃል። ከዚያ ግድቡ ፈርሶ ጆንያዎቹ ለሚቀጥለው ዙር ይቀመጣሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው።

በዚያ ዙር ተጠማቂዎቹ ውስጥ እኔና ገመቹ ነበርን። አባዬ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። ሁለት ልጆቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ ሲጠመቁ ማየት የእናታችንም የእሱም ምኞት ነበር። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ግን ሁለት አንድ ዓይነት ነጭ ፎጣ ገዝቶ አልጋችን ላይ አስቀመጠልን። ፎጣዎቹ ላይ ያለውን ወረቀት እንኳ አላነሳንም፣ ለቀኑ ይቆይ ብለን። የጥምቀት ትምህርት የሚያስተምሩን ጋሽ ለማ፣ ገመቹን ከሁላችን በላይ ይወዱት ነበር፤ ጥያቄ ስለሚጠይቅ።

ቅዳሜው ሲቀርብ ገመቹ እራት ላይ ነገሩን አነሳው።

“አባዬ፣ ዘንድሮ ግድቡን ሌላ ቦታ ብናደርገው?”

“ለምን?”

“ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ የወፍ ጎጆ አለ። ጫጩቶች አሏት።”

አባዬ ድንቹን መላጥ አቆመና አየው። “ጉባኤው ለወፍ ብሎ ቦታ ይቀይር?”

“ለወፍ ብሎ አይደለም። ትንሽ ዝቅ ብንል እኮ ያው ውሃ ነው።”

“ገመቹ፣ አንተ ስለምትጠመቅበት ነገር አስብ። ወፉን ለፈጠረው ተውለት።”

“የፈጠረው እኔን እዚያ ጋ አቆመኝ እኮ” አለ ገመቹ። አባዬ ወደ ድንቹ ተመለሰ።

በማግስቱ ወደ መጋቢው ሄደ። መጋቢያችን ለስላሳ ሰው ናቸው፤ እምቢ ማለት አይችሉም፣ እሺ ማለትም አይችሉም። “ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እንጸልይበት” አሉት። ወደ ጋሽ ለማ ሄደ። “መጋቢውን ጠይቅ” አሉት። እንደገና ወደ መጋቢው። “እየጸለይንበት ነው።” ገመቹ ወደ ቤት ሲመጣ ጥርሱን ይነክስ ነበር። “ዴቭ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ እየወደዱኝ ምን ላድርጋቸው?”

በመጨረሻ ቅዳሜ ዕለት፣ አካፋና ጆንያ ይዘን ጅረቱ ዳር ቆመን ሳለ፣ መጋቢው እጃቸውን አጨብጭበው፣ “በሉ፣ ወንድማችን ገመቹ ቦታውን ያሳየን፣ ዝቅ እንበልለት” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ተስማማ። ገመቹ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ ዳርቻዎች የሚጠጋጉበትን ቦታ መረጠ። ጎጆዋ ከላይ ናት፣ ውሃ የሚወርደው ወደ ታች ነው፤ ከበታቿ ብንገድብ ምን ትሆናለች? እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። አባዬም። ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ውሃ ከቦይ ወደ ቦይ ስንመራ የኖርን። ከመሃላችን አንድ ሰው እንኳ የተገደበ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበም።

ደስ የሚል ቀን ነበር። ጋሽ ለማ አፈር ሲዝቁ ቀበቷቸው ተበጥሶ ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ይዘው ሠሩ። “ዛሬ አሮጌው ሰው ሳይገፈፍ አይቀርም!” ብሎ አንዱ ሲቀልድ መጋቢው ሳይቀሩ ጅረቱ ዳር ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። አባዬ ጆንያ ሲያስር ገመቹ አጠገቡ ላስቲክ ይይዝለት ነበር። አባዬ አንዴ ቀና ብሎ ወደ ጎጆዋ አየና፣ “በል፣ እሷም ከላይ ሆና ታይሃለች” አለው። ገመቹ ልጅ ሳለ እንደሚስቀው ነው የሳቀው። ሁለቱን እንደዚያ ሆነው ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር፣ ጭላሎ ላይ ብቻ ደመና ተቀምጧል። ወንዶቹ የግድቡን መሃል ዘጉ። ኳየሩ መዘመር ጀመረ። ከግድቡ በታች፣ ለጥ ያለው ሣር ላይ፣ እናቶች ሦስት ጉልቻ አቁመው ለምሳ የድንች ወጥ እየሠሩ ነበር፤ የበርበሬው ሽታ ከመዝሙሩ ጋር ይመጣል። እኛ ተጠማቂዎቹ ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ፎጣችንን ክንዳችን ላይ አድርገን ተሰለፍን። ገመቹ ከፊቴ ነበር።

ከኢተያ የመጡ እንግዳ ሰባኪ ነበሩ። አጭር ቃል አለኝ አሉ። እንግዳ አጭር ቃል አለኝ ካለ እንግዲህ ተቀመጥ ማለት ነው። እሳቸው ሲሰብኩ ውሃው ሞላ። ወገብ ደረሰ። እሳቸው ወደ ሁለተኛው ነጥብ ገቡ። ውሃው መሙላቱን አላቆመም።

ገመቹ ክንዴን ጨበጠኝ። “ዴቭ፣ ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው።”

“ምን?”

“እይ።”

አየሁ። ጠፍጣፋው ድንጋይ የለም። ፏፏቴው አጥሯል፣ ድምፁም ጠፍቷል። ውሃው ዝም ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ቋጥኙን እየወጣ ነበር። ወፏ አፏ ውስጥ ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ ሁልጊዜ የምታርፍበትን ድንጋይ ታጣለች፣ አየር ላይ ትንቀጠቀጥና ትመለሳለች። ጺት፣ ጺት ትላለች። በድምፅ ማጉያው ጩኸት መሃል ይሰማኝ ነበር።

“ዝም በል፣ እየተሰበከ ነው” አልኩት።

ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ጋሽ ለማ ሄደ። እኔም ተከተልኩት፣ እመልሰው ብዬ።

“ጋሽ ለማ፣ የላይኛውን ጆንያ አንድ ብቻ እናንሳ። ሞልቷል፣ ለመጠመቅ ይበቃል።”

“አሁን? እንግዳው እየተናገሩ?”

“ጎጆዋ ሊሰጥም ነው።”

“ልጄ፣ ከጥምቀቱ በኋላ ራሴ አነሳልሃለሁ።”

“ከጥምቀቱ በኋላማ ምን ያደርጋል?”

“ተረጋጋ። ሰይጣን በእንዲህ ያለ ቀን ሐሳብ ይበትናል። ተመለስ፣ ይባርክህ።” ትከሻውን ዳበሱት። በፍቅር ነው የዳበሱት፤ እሱ ነው የሚያናድደው።

ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ከሽማግሌዎች ጋር ፊት ለፊት ቆሟል። ገመቹ በእጁ ወደ ቋጥኙ አመለከተው። አባዬ አላየም፤ አይቶም ከሆነ ፊቱ አልተለወጠም። በዓይኑ ብቻ ሰልፉን አሳየው፤ ተመለስ።

ተመለሰ። ስብከቱ አለቀ። መጋቢውና ጋሽ ለማ ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ደረታቸው አጠገብ ደረሰ። እማማ ወርቂቱ የሚባሉ አሮጊት መጀመሪያ ተጠመቁ፣ እልልታ ሆነ። ቀጥሎ አንዲት የጎረቤት ልጅ። ገመቹ በዚህ ሁሉ ዓይኑን ከቋጥኙ አላነሳም። የስንጥቁን ሣር ጫፍ ውሃ ነክቶት ነበር።

“ወንድማችን ገመቹ” አሉ መጋቢው፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ፎጣውን ለእኔ ሰጠኝና ገባ። ሁለት እርምጃ ወደ መጋቢው ሄደ። የአባዬን ፊት አየሁት፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ይጸልይ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ገመቹ ዞረ። ወደ ግድቡ ሄዶ የላይኛውን ጆንያ አቅፎ ጎተተው። ወደቀ። ሁለተኛውን ጎተተ። ሦስተኛውን እሱ አልነካውም፣ ውሃው ራሱ ወሰደው።

አንድ ጆንያ ብቻ ለማንሳት ነበር ሐሳቡ። ይሄን ደጋግሞ ነግሮኛል፣ አምነዋለሁም። ግን ቅዳሜ ሁላችንም እየሳቅን የደረደርነው ግድብ በአንድ ጊዜ ተናደ። ውሃው እየጮኸ ወጣ። ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ የነበሩት መጋቢ ቆመው እያሉ፣ ውሃው ከላያቸው እንደ ጋቢ ተገፈፈና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀረ። እናቶቹ ጮኹ። እሳቱ ጠፋ፣ ድስቱ ተገለበጠ፣ የድንች ወጡ ከውሃው ጋር ወረደ። አንድ ድንች ጅረቱ ላይ እየተንከባለለ ሲሄድ ልጆች እየሳቁ ተከተሉት። የሳቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

“ገመቹ!” አለ አባዬ።

መጋቢው፣ “እንግዲህ… እንጸልይ” አሉ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ገመቹ ቋጥኙን ይዞ ወጣና ጠራኝ። ሄጄ አየሁ። ጎጆው ከሥሩ ረጥቧል። ጫጩቶቹ ግን ነበሩ፤ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ቢጫ አፋቸውን ከፍተው። እናቲቱ ከእኛ ፈቀቅ ብላ ድንጋይ ላይ ጭራዋን ታወዛውዝ ነበር። ገመቹ ፊቱ ሁሉ በርቶ፣ “አየህ? አየህ?” አለኝ። እኔ እንደሱ አልበራልኝም። ክንዴ ላይ ሁለት ደረቅ ፎጣ ነበር። የእኔም ቀን ነበር እኮ። ማንም አልጠየቀኝም።

በሁለተኛው ቀን ጭላሎ ላይ ዘነበ። እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም፤ ከሰዓት ላይ ጅረቱ ብቻ ቀልቶ፣ ግንድና ድንጋይ ይዞ መጣ። ገመቹ ሮጠ። ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ። ጎጆውም፣ ከግድቡ የተረፉት ጆንያዎችም፣ ያ ሁሉ ሽበትም ተጠርጎ ሄዷል።

አባዬ እራት ላይ ጠየቀው። ለማፌዝ አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቀው። “ታዲያ ምን ተረፈ?”

ገመቹ፣ “የወሰድነው እኛ አይደለንም” አለ።

አባዬ ይሄን መልስ አልተቀበለውም። እኔም ያኔ አልተቀበልኩትም። ምን ልዩነት አለው? ጫጩቶቹ ያው ሞተዋል። ጥምቀቱ ያው ቀርቷል። ከወር በኋላ ወፎቹ እዚያው ስንጥቅ ውስጥ እንደገና ሽበት ማመላለስ ሲጀምሩ ገመቹ ወስዶ አሳየኝና፣ “እነሱ አልተቀየሙም” አለኝ። እኔ ግን ተቀይሜ ነበር።

ከዚያ የሆነው ከሁሉም የሚያናድደው ነው፣ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። ማንም አላባረረውም፣ ማንም አልሰደበውም። በጉባኤ ፊት ይቅርታ ይጠይቅና በሚቀጥለው ዙር ይጠመቅ ተባለ። ገመቹ፣ “ስለ ሁከቱ፣ ስለ ወጡ፣ ስለ መጋቢው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ወፏ ግን አልጠይቅም” አለ። “አትለያየው፣ አጠቃለህ በል” አሉት። “አጠቃልዬ ካልኩ ውሸት ይሆናል፣ ውሸታም ሆኜ ልጠመቅ?” አለ። “እንጸልይበት” አሉት። ጸለዩበት። ቀጠሮ ሰጡት። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ አንዱ ቀረ። ሌላ ቀጠሮ። አባዬ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በልጄ ጉዳይ አልገባም ብሎ ተነስቶ ይወጣ ነበር። ቢገባበት ኖሮ በአንድ ምሽት ያልቅ ነበር። ወይ ልጁን ያስጎነብሰዋል፣ ወይ “ልጄ ያለው ይበቃል” ይላል። ሁለቱንም አላደረገም።

በሚቀጥለው ዙር ብቻዬን ተጠመቅሁ። ቦታው ተቀይሮ፣ መሬት ተቆፍሮ ሸራ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውሃው ሞቅ ያለ፣ ላስቲክ ላስቲክ የሚሸት ነበር። ስወጣ ፎጣውን ይዞ የጠበቀኝ ገመቹ ነው። ጭንቅላቴን እንደ ሕፃን እያሸ አደረቀኝና፣ “እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድሜ” አለኝ። የእሱ ፎጣ ከነወረቀቱ ቤት ነበር።

ቆይቶ ኦጎልቾ የሽንኩርት እርሻ ላይ የውሃ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ሥራ አገኘ። እዚያ ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፤ ሲደውልልኝ ግን የሚያወራኝ ቦዩ ላይ ስለሚያርፉት ወፎች ነበር። ስለ ቀጠሮው ሲነሳ፣ “አሁን ስመጣ እጨርሰዋለሁ” ይላል። ሁላችንም ጊዜ ያለን መስሎን ነበር።

ለቀብሩ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ መጣ። ዘመሩ፣ አለቀሱ፣ ድንኳን ውስጥ አደሩ። የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት ጋሽ ለማ ናቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው፦ በዚህ ጊዜ ተወለደ፣ በዚህ ጊዜ ጌታን ተቀበለ፣ በዚህ ጊዜ ተጠመቀ። ጋሽ ለማ “ጌታን ተቀበለ” ካሉ በኋላ ወረቀቱን ገለበጡ። ከዚያ ስለ ኦጎልቾ ሥራው ቀጠሉ። አባዬ አጠገቤ ነበር። ጉልበቱን በእጁ ሲጨብጥ አየሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ ሻይ እያፈላ፣ ሬዲዮ እየሰማ፣ ሳይጠየቅ፦ “ሳይጠመቅ።” እኔ ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም። አንዳንዴ መጮህ ያምረኛል።

እና ያን ቀን ላቫጆው ጋ ወፏ አፏን በነፍሳት ሞልታ ተነስታ ድልድዩ ሥር ገባች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከድልድዩ ግንብ ላይ አንድ ድንጋይ ወድቆ የተወው ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ የጫጩት ድምፅ ይሰማል። ያቺው ወፍ ልትሆን አትችልም፣ ይሄን አውቃለሁ።

ባጃጁን ሳላደርቅ ቤት ሄጄ አባዬን አመጣሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፣ “ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ” ነው ያልኩት። ጉልበቱን ስለሚያመው ደግፌ ቁልቁለቱን አወረድኩት። ወፏ ቦዩ ዳር ነበረች።

አባዬ ለረጅም ጊዜ አያት። “ያቺ ናት?” አለኝ።

“ያቺማ አትሆንም። ዘሯ ይሆናል።”

“ጎጆዋስ?”

አሳየሁት። እያየን ሳለ ሳሚ አፈር የሞላ ጆንያ እየጎተተ መጣ። ውሃው ስለሚያንስ ሞተሩ አየር እየሳበ አስቸግሮታል፤ ከድልድዩ በታች ትንሽ ሊገድብ ነው። አንዱን ጆንያ አስቀምጦ ሌላ ሊያመጣ ሲል አባዬ ጠራው።

“ልጄ፣ የት ነው የምትገድበው?”

“እዚች ከበታች ነው፣ አባት። አይዞዎት፣ ድልድዩን አይነካም።”

አባዬ ዱላውን ወደ ቀዳዳው ዘረጋ።

“ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል” አለ።

እኔ ዞር አልኩ። ገመቹ ያኔ ክንዴን ጨብጦ ያለኝ ይሄንኑ ነበር። አባዬ አልሰማውም፤ ሩቅ ነበር፣ ማጉያው ይጮህ ነበር። ራሱ ነው የደረሰበት፣ ምናልባት ቀድሞ፣ ምናልባት ያኔውኑ። አልጠየቅሁትም።

ሳሚ ወደ ቀዳዳው አየ፣ ወደ አባዬ አየ። “እሺ፣ አባት” አለ። የእኛ አገር እሺ ምን እንደሆነ አባዬ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲለው ኖሯል። ስለዚህ ወደ ቤት አልሄደም። ያን የለስላሳ ሳጥን ሳበና ጆንያው ላይ እግሩን አሳርፎ ተቀመጠ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት አደርሰዋለሁ፣ ለምሳ እወስደዋለሁ፣ ይመለሳል። ሳሚ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ አሁን ሻይ ያቀርብለታል፣ “ዘበኛዬ” ይለዋል። ሞተሩ አየር እየሳበ ይጮኻል፤ ግድቡ ግን አልተሠራም። ጫጩቶቹ ከቀዳዳው አፍ ላይ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ጭላሎ ላይ ደመና ሲቋጠር አባዬ ቀና ብሎ ያያል፤ እኔም አያለሁ። ያን ማቆም አንችልም።

ስለ ገመቹ አንድ ቃል ይላል ብዬ ስጠብቅ ሰነበትኩ። አላለም። ትናንት ግን ሲሳፈር ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ራሱ ላይ የሚያደርገውን ከቤት ይዞ ወጣ። የገመቹን ነጭ ፎጣ ነው። ወረቀቱን አንስቶታል።